የጡት ነቀርሳና የዕለት ኑሮ

በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ በብዛት የሚታየው የነቀርሳ ዓይነት የጡት ነቀርሳ (ካንሰር) ነው። ከመተማ ቆላ ለሕክምና ወደ ጎንደር ወጥታ የተመለሰች እናት «እንግዲህ ምን ልብላ?» ብላ ትጠይቃለች። መልሱን በጥንቃቄ ማስተማር ይገባናል።

አንደኛ፤ ይህን በሽታ የሚፈውስ ምግብ የለም። በአሜሪካ 3,088 የታከሙ ሴቶች ተሳትፈው በ2007 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ አትክልትና ፍራፍሬ እጅግ ማብዛት የበሽታውን መመለስ አልቀነሰም። ስለዚህ ሕመሙ የተመለሰባትን ሴት «በአበላልሽ ነው» ብሎ መውቀስ ስሕተት ነው፤ ፍቅርም የጎደለው ነው።

ሁለተኛ፤ እንቅስቃሴ ይረዳል። በ2005 እ.ኤ.አ. በታተመ ሌላ ጥናት፣ በሳምንት ከ3 እስከ 5 ሰዓት በእግር የሚሄዱ ታካሚዎች በበሽታው የሚሞቱት በቁጥር አንሰው ተገኝተዋል። በቆላው ሙቀት ግን የሚመቸው ማለዳና ምሽት ነው። ሰሊጥ ስታጭድ የዋለች ሴት ደግሞ ዕረፍት እንጂ ተጨማሪ ጉዞ አያስፈልጋትም።

ሦስተኛ፤ ከሕክምና በኋላ ከመጠን በላይ መወፈር አይበጅም፤ ከአረቄም መራቅ ይሻላል። መድኃኒት በምትወስድበት ወራት ግን ሰውነቷ እንዳይከሳ ከማሽላው እንጀራ ጋር ሽሮ፣ ዕንቁላልና ወተት ያስፈልጋታል። ሕመምተኛ ከጾም ግዴታ ነፃ መሆኗንም መምህራን ያስረዷት።

ከሁሉ የሚበልጠው እብጠት እንደ ታየ ሳይዘገዩ መመርመርና የተጀመረውን ሕክምና መፈጸም ነው። ምግብ ሕክምናን ይደግፋል እንጂ አይተካም።

ለውይይት፦ በሰበካችን ለሕክምና የምትሄድ እናት ብትኖር፣ ልጆቿንና እርሻዋን ማን ይጠብቅላታል?