ከስቴም ሴል ንቅለ ተከላ በኋላ ትኩሳት? ፓራሲታሞል ወስደው እንዳይጠብቁ!

ከንቅለ ተከላው በፊት የሚሰጠው ኬሞቴራፒ ነጭ የደም ሴሎችንም ያጠፋል። አዲሱ መቅኒ ሥራ እስኪጀምር ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈጃል። በዚህ ጊዜ አንጀት ውስጥ ያለ ባክቴሪያ እንኳን ወደ ደም ሊገባ ይችላል። ከዚያ በኋላም ቢሆን ሰውነት በሽታ የመከላከል አቅሙ ለወራት ደካማ ነው።

ነጭ የደም ሴል ሲያንስ መግልም እብጠትም ላይታይ ይችላል። ብቸኛው ምልክት ትኩሳት ሊሆን ይችላል!

✅ ቴርሞሜትር ቤት ይኑርዎ። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም ካንቀጠቀጠዎ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። አንቲባዮቲክ በ1 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል።

✅ ውጭ ሀገር ታክመው ከተመለሱ የሕክምና ወረቀትዎን ይያዙ።

❌ ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ይቅርብዎ።

ለሚመለከተው ሰው ሼር ያድርጉ።