የረቡዕ ማታ እራት በላሊበላ፦ ሽሮና አምባሻ

ከሥራ ከገባችሁ በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ትኩስ አምባሻና የተንተከተከ ሽሮ ታቀርባላችሁ። መጠኑ ለ4 ሰው ይበቃል። ቅቤ ስለሌለው ለረቡዕም፣ ለዓርብም፣ ለነቢያት ጾምም ይሆናል።

መጀመሪያ ከፍታችሁን እወቁ። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ሳይሆን 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ድስቱ የቱንም ያህል ቢንፈቀፈቅ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም፤ እሳት ብትጨምሩ ውሃው ይደርቃል እንጂ ወጡ ቶሎ አይበስልም። ደረቅ ባቄላና ሽምብራ በሥራ ቀን ምሽት የማይሞከሩት ለዚህ ነው። ሽሮ ግን ቀድሞ ተቆልቶና ተፈጭቶ ስለተቀመጠ ለደጋ ምሽት የተመቸ ነው። ሊጥ ደግሞ በከፍታ ላይ የሚጫነው አየር ስለሚሳሳ ቶሎ ይነፋል። ስለዚህ ከዚህ በታች ባለው አሠራር ለሽሮው ደቂቃ ተጨምሯል፤ ከአምባሻው እርሾ ተቀንሷል። ደሴና አዲስ አበባ ያላችሁም በዚሁ ልክ ሥሩ፤ የከፍታው ልዩነት ትንሽ ነው። ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ 3500 ሜትር ድረስ ከወጣችሁ ግን ውሃ 88 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ሽሮውን 10 ደቂቃ ያህል አስረዝሙት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለአምባሻው፦ 3 ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት፣ 1 ብርጭቆ የገብስ ዱቄት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 1 ብርጭቆ ተኩል ለብ ያለ ውሃ።

ለሽሮው፦ 3 ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት፣ 4 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ 1 የቡና ስኒ ዘይት፣ 1 የሻይ ማንኪያ በርበሬ፣ ሦስት አራተኛ ብርጭቆ ምጥን ሽሮ፣ 4 ብርጭቆ ውሃ፣ 2 ቃሪያ፣ ጨው፣ ቁንጥር መከለሻ።

ብርጭቆ ስንል የውሃ ብርጭቆ ነው፤ 250 ሚሊ ሊትር ይይዛል። በሻይ ብርጭቆ አትለኩ።

ዕቃ፦ ሳፋ፣ ወንፊት፣ ምጣድ ከነአክንባሎው፣ ሰፌድ፣ ድስት፣ ማማሰያ፣ ሙቀጫ፣ ንጹሕ ጨርቅ።

ሽሮውን በላሊበላ የቅዳሜ ገበያ የምትገዙ ከሆነ ከምን እንደተፈጨ ጠይቁ። አተር፣ ሽምብራ ወይም ባቄላ ከሆነ ውሰዱ። ጓያ የበዛበትን ተዉት፤ ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግር ያሽመደምዳል። የገብሱን ዱቄት ደግሞ አሽትቱት። የሻገተ ከሸተተ አትግዙ።

ሊጡ

1. ሁለቱን ዱቄት ሳፋው ውስጥ ንፉ። የገብሱ ገለባ ወንፊቱ ላይ ከቀረ ጣሉት።

2. እርሾውን በሩብ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጡ። ውሃው ጣት የሚያቃጥል ከሆነ እርሾው ይሞታል። 5 ደቂቃ ጠብቁ፤ አረፋ ካልያዘ እርሾው ያረጀ ነው፣ በሌላ ለውጡት።

3. ዱቄቱ ላይ ጨውና ጥቁር አዝሙድ ነስንሱ። ከዚያ እርሾውን ጨምሩ።

4. 1 ብርጭቆ ውሃ ቀስ በቀስ እያፈሰሳችሁ አቡኩ። የቀረችውን ሩብ ብርጭቆ ያዙ፤ ሊጡ ከደረቀ ብቻ ጨምሯት። ገብስ ውሃ ዘግይቶ ስለሚጠጣ አትቸኩሉ።

5. ዘይቱን ጨምሩና 10 ደቂቃ እሹ። መጀመሪያ እጅ ላይ ይጣበቃል። ዱቄት አትጨምሩበት፤ ሲታሽ ይላቀቃል።

6. ሳፋውን በጨርቅ ሸፍኑና ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡ። የላስታ (የላሊበላ አካባቢ) ምሽት በጥቅምትና በኅዳር ስለሚበርድ ሳፋውን ለብ ያለ ውሃ በያዘ ሰፊ ሳፋ ላይ ብታስቀምጡት ይረዳል። 40 ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል። ሆኖም ከሰዓቱ ይልቅ ሊጡን እዩ፤ እጥፍ ሊሆን ሲል ደርሷል። ከዚያ ካለፈ ምጣድ ላይ ይሟሽሻል።

ቁሌቱ

ሊጡ እስኪነሳ አትቀመጡ። የሽሮ ጣዕም ያለው ቁሌቱ ላይ ነው፤ እዚህ የቆጠባችሁትን ደቂቃ መከለሻ አይተካውም።

7. ሽንኩርቱን አድቅቃችሁ ክተፉ። ነጭ ሽንኩርቱን በሙቀጫ ውቀጡ።

8. ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ድስት ውስጥ ጨምሩና በመካከለኛ እሳት አማስሉ። ሊይዝ ሲል አንድ ጭልፋ ውሃ ጠብ አድርጉ። 12 ደቂቃ ያህል፣ የራሱን ውሃ ጨርሶ ወርቃማ እስኪሆን ድረስ ነው።

9. ዘይቱን ጨምሩ። 3 ደቂቃ አቁላሉ።

10. እሳቱን ቀንሱና በርበሬውን ጨምሩ። 2 የሾርባ ማንኪያ ውሃ አስከትሉ፤ በርበሬ በደረቅ ዘይት ላይ ወዲያው ያራል፣ ያረረ በርበሬም ወጡን ያመርረዋል። ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ 8 ደቂቃ አብስሉ።

11. ነጭ ሽንኩርቱን ጨምሩና 2 ደቂቃ አማስሉ።

ነጭ ሽሮ ብቻ ካላችሁ በርበሬውን ተዉትና ቁንጥር እርድ ጨምሩ፤ አልጫ ይሆናል።

ቅርጽና ምጣድ

12. ሊጡን በቡጢ ተጭናችሁ አየሩን አስወጡ። ዱቄት በነሰነሳችሁበት ሰፌድ ላይ ሁለት ጣት ውፍረት እስኪኖረው በክብ ዘርጉ።

13. በቢላ ጫፍ ከመሃል ወደ ዳር መስመር አውጡ። ጥልቀቱ ከግማሽ አይለፍ፤ ካለፈ ስትገለብጡት ይከፈላል። በጨርቅ ሸፍናችሁ 15 ደቂቃ አሳርፉ።

14. በዚህ መሃል 3 ብርጭቆ ተኩል ውሃ ቁሌቱ ላይ አፍስሱና አፍሉ።

15. ሽሮውን በቀሪው ግማሽ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ። ቀጭን ጅረት አድርጋችሁ እያማሰላችሁ ወደ ድስቱ አፍስሱ። ማማሰያውን ለ3 ደቂቃ አታቁሙ፤ የሚጓጉለው እዚህ ላይ ነው።

16. እሳቱን ቀንሱ፣ ድስቱን ገርበብ አድርጋችሁ ክደኑ። ሽሮ ሲንተከተክ ይፈናጠቃል፤ እጃችሁንና ፊታችሁን አርቁ። 25 ደቂቃ ይብሰል። በየ5 ደቂቃው ከታች ጀምራችሁ አማስሉ።

17. ምጣዱን አሙቁ። ቁንጥር ዱቄት በትኑበት። በ1 ደቂቃ ቡናማ ከሆነ ልክ ነው። ወዲያው ከጠቆረ አጥፉና ጥቂት ይቀዝቅዝ። የእንጀራ ሙቀት ለአምባሻ ይበዛል፤ ውጭውን አቃጥሎ ውስጡን ሊጥ ያስቀረዋል። የተፈተነበትን ዱቄት ጥረጉ።

18. ሊጡን ከሰፌዱ ወደ ምጣዱ አንሸራቱ። በአክንባሎ ክደኑ። 10 ደቂቃ በዝቅተኛ ሙቀት ይጋገር።

19. ጠርዙን በቢላ ቀና አድርጋችሁ ታቹን እዩ። ወርቃማ ከሆነ ወደ ሰፌዱ መልሱና ገልብጣችሁ አስገቡ። በእጅ አትሞክሩ፣ ይሰበራል። ሌላ 8 ደቂቃ ክደኑት።

20. አውጡና ታቹን በጣት አንኳኩ። ባዶ ነገር የተመታ ያህል ከጮኸ በስሏል። ድፍን ድምፅ ከሰጠ 3 ደቂቃ መልሱት።

21. በጨርቅ ጠቅልላችሁ 10 ደቂቃ አሳርፉ። በትኩሱ ከተቆረሰ ውስጡ ሊጥ ይመስላል።

መብራት ከሄደ ምጣዱን በጉልቻ ላይ ጣዱ፤ እንጨቱ ነበልባሉን ጨርሶ ፍም ሲሆን ብቻ ሊጡን አስገቡ። ከሰል ከተጠቀማችሁ በርና መስኮት ይከፈት፤ የከሰል መርዛማ ጋዝ ሽታ ስለሌለው አያስጠነቅቅም። ምጣድና ምድጃ አንድ ላይ የሌላችሁ ደግሞ ሽሮውን አስቀድማችሁ ጨርሱና ድስቱን በጨርቅ ጠቅልሉ፤ ሙቀቱን ይይዛል።

ሽሮውን ማውጣት

22. ዘይቱ ወደ ላይ ብቅ ሲልና ሽሮው ማማሰያውን ያዝ ሲያደርግ ጨውና መከለሻ ጨምሩ። ምጥን ሽሮ ራሱ ጨው ሊኖረው ስለሚችል ቀድማችሁ ቅመሱ።

23. ቃሪያውን ሰንጥቃችሁ ፍሬውን አውጡና ጣል አድርጉ። 2 ደቂቃ ብቻ፤ ከዚያ አውርዱ። ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ስለሚወፍር ከምትፈልጉት ትንሽ ቀጠን እንዳለ ማውረድ ይሻላል።

24. አምባሻውን በመስመሮቹ ቆርሳችሁ ከሽሮው ጋር አቅርቡ። እንጀራ ካለ ይጨመር፣ ማንም አይከፋም።

የተረፈ ሽሮ ለነገ ምሳ ይሆናል። ስታሞቁት ግማሽ ብርጭቆ የፈላ ውሃ ቀድማችሁ ጨምሩ፤ በደረቁ ካሞቃችሁት ታች ይይዛል። የተረፈውን አምባሻ በጨርቅ ጠቅልላችሁ መሶብ ውስጥ አኑሩት። ጠዋት ምጣድ ላይ ሁለቱንም ገጽ 2 ደቂቃ 2 ደቂቃ አሙቁትና የላስታ ማር ቀቡት።