የጋራውን ፋይል ማን ያዘው?

የጨረታ ሰነድ ማስገቢያው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይዘጋል እንበል። የሽያጭ ክፍሉ ሠራተኛ 6 ሰዓት ተኩል ላይ የዋጋ ዝርዝሩን በኤክሴል ሲከፍት፣ ፋይሉ በሌላ ሰው እንደተያዘ የሚገልጽ መልእክት ይመጣበታል። ዋጋውን ማየት ይችላል፤ አርሞ በዚያው ስም ማስቀመጥ ግን አይችልም። «ማነው የከፈተው?» እያለ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ሰዓቱ ይነጉዳል።

ፋይሎቻቸውን በአንድ ሰርቨር ላይ በሚጋሩ ድርጅቶች ዘንድ ይህ የተለመደ ነው። ይሁንና የፋይሉ መቆለፍ ብልሽት አይደለም። ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ጽፈው አንዱ የሌላውን ሥራ እንዳያጠፋበት የተደረገ ጥንቃቄ ነው። ስለሆነም ቁልፉን ከመስበር በፊት የያዘውን ሰው ማግኘት ይገባል። ለዚህም የሚከተሉትን መንገዶች በቅደም ተከተል መሞከር ይጠቅማል።

1ኛ. መልእክቱን ማንበብ። ኤክሴልም ሆነ ወርድ አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉን የከፈተውን ሰው ስም ይናገራሉ። ስሙ የሚገኘው ፋይሉ ሲከፈት እዚያው ፎልደር ውስጥ ከሚፈጠርና በ~ እና በ$ ምልክቶች ከሚጀምር ድብቅ ፋይል ነው። ነገር ግን የሚታየው በዚያ ኮምፒዩተር ኦፊስ ላይ የተሞላው ስም ነው። ኦፊስን የጫነው ባለሙያ በሁሉም ኮምፒዩተሮች ላይ «ዩዘር» ብሎ ካለፈ፣ መልእክቱም ከዚያ የተሻለ ነገር አይነግረንም።

2ኛ. ሰርቨሩን መጠየቅ። ሰርቨሩ የሚሠራው በዊንዶውስ ከሆነ፣ ኃላፊው እዚያው ሰርቨሩ ላይ «ኮምፒዩተር ማኔጅመንት»ን ይከፍታል። ቀጥሎም «ሲስተም ቱልስ»፣ «ሼርድ ፎልደርስ»፣ «ኦፕን ፋይልስ» ወደሚሉት በተራ ይገባል። በኔትወርክ የተከፈቱ ፋይሎች ከከፋቾቻቸው የተጠቃሚ ስም ጋር ተዘርዝረው ያገኛቸዋል። «ሴሽንስ» የሚለው ክፍል ደግሞ ተጠቃሚው ከየትኛው ኮምፒዩተር እንደገባ ያሳያል። ይህንኑ በራሱ ጠረጴዛ ላይ ባለው ኮምፒዩተር የሚሞክር ሠራተኛ ግን የሚያየው ከዚያ ኮምፒዩተር የተጋሩትን ብቻ ስለሆነ ይሳሳታል። ትእዛዝ መጻፍ ለለመደ ሰው «ኔት ፋይል» የሚለው ትእዛዝ ተመሳሳይ ዝርዝር ይሰጣል። ሰርቨሩ ሊኑክስ ሆኖ ሳምባ ከተጫነበት ትእዛዙ «ኤስኤምቢስታተስ» ነው።

3ኛ. ሰውየውን ማነጋገር። ደውሎ ሥራውን እንዲያስቀምጥና ፋይሉን እንዲዘጋ መጠየቅ ይቀድማል። ኃላፊው «ክሎዝ ኦፕን ፋይል» በሚለው ምርጫ ከሰርቨሩ በኩል በግድ መዝጋት ይችላል። ሆኖም ያልተቀመጠ ሥራ ሊጠፋ ስለሚችል ይህ የመጨረሻው አማራጭ መሆን አለበት።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ፋይሉን የያዘ ሰው ጨርሶ ላይኖር ይችላል። መብራት በድንገት ሲጠፋ ድብቁ ፋይል ሳይሰረዝ ይቀርና፣ በተለይ ወርድ፣ ሰነዱ አሁንም የተያዘ ይመስለዋል። በሰርቨሩ ዝርዝር ውስጥ ማንም እንዳልከፈተው ከተረጋገጠ በኋላ ድብቁን ፋይል ብቻ መሰረዝ ይበቃል።

ከሁሉም በላይ ሊታሰብበት የሚገባው የተጠቃሚ ስም ጉዳይ ነው። አምስት የሽያጭ ሠራተኞች «ሽያጭ» በሚል አንድ ስምና በአንድ የይለፍ ቃል የሚገቡ ከሆነ፣ ዝርዝሩ «ሽያጭ» ከማለት በቀር አምስቱን ለይቶ አያውቃቸውም። ኮምፒዩተሩ ቢታወቅ እንኳ ከፊቱ ማን እንደተቀመጠ አይታወቅም። ነገ ዋጋ ተቀይሮ ቢገኝም ተጠያቂውን መለየት አይቻልም። ስለዚህ ሥራ አስኪያጆች ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ የተጠቃሚ ስም እንዲሰጠው፣ ሠራተኞችም ለምሳ ሲወጡ ፋይላቸውን አስቀምጠው እንዲዘጉ ማድረግ ይኖርባቸዋል። ይህ ከተለመደ የጨረታው ሰነድ ሰዓቱ ሳያልፍ ይደርሳል።