ለዓይን የቀለለ ነገር

ልጄ፣ ማስታወቂያ ክፍል ተቀጠረች አሉኝ፤ እሰይ! ዕድሜዬን ማተሚያ ቤት እርማት ሳነብ የኖርኩ ነኝና ስለ ፊደልና ስለ ዓይን ጥቂት ልምከርሽ።

1. ጎልቶ ስለተጻፈ ብቻ አትቀበዪ። ሮልፍ ሬበርና ኖርበርት ሽዋርዝ የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ «ኦሶርኖ ቺሊ ውስጥ ናት» የመሳሰሉ ዓረፍተ ነገሮችን አንዳንዱን ነጭ ላይ ቁልጭ ባለ ቀለም፣ አንዳንዱን በፈዘዘ ቀለም አሳዩ። ሰዎች ቁልጭ ብሎ የታያቸውን «እውነት ነው» ወደማለት አዘነበሉ። ልዩነቱ ትልቅ አልነበረም። ግን ቀለም ስለ ቺሊ ምን ያውቃል?

2. መውደድም ያው ነው። አንድ ክብ ቅርጽ እንኳ ከጀርባው ቀለም በደንብ ሲለይ ይበልጥ ያምራል ይባላል። ዓይናችን ሳይለፋ ሲቀር፣ ቅለቱን የነገሩ ውበት አድርገን እንቆጥረዋለን።

3. ይሄኛው ለእኛ ሰው ይቀርባል። «ሙሴ ከየእንስሳው ስንት ስንት መርከብ ውስጥ አስገባ?» ብለሽ ቡና ላይ ጠይቂ። ብዙዎቹ «ሁለት ሁለት» ይሉሻል። ከንጹሑ ሰባት ሰባት መሆኑን የሚያነሣ አዋቂ አይጠፋም፤ እሱም ቢሆን ሙሴን ዝም ብሎ ያልፈዋል። ህዩንጂን ሶንግና ያው ሽዋርዝ እ.ኤ.አ. በ2008 ጥያቄውን ለማንበብ በሚያስቸግር ፊደል ሲያቀርቡት፣ «ኖኅ እንጂ ሙሴ አይደለም» የሚል ሰው በዛ።

4. ይህን ሰምተሽ ግን ማስታወቂያሽን በጠማማ ፊደል እንዳታወጪ! አስቸጋሪ ፊደል አእምሮን ስል ያደርጋል የሚለው ወሬ በኋላ ብዙ ጥናት ተደምሮ ሲታይ አልጸናም። ጉዳቱ ግን ይታያል፤ ሶንግና ሽዋርዝ አንድ ዓይነት የስፖርት መመሪያ በሁለት ፊደል ሰጥተው ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ቢጠይቁ፣ በአሪያል ያነበቡት 8፣ በተጠማዘዘ የብሩሽ ፊደል ያነበቡት 15 ገደማ አሉ። ያስቸገራቸው ንባቡ ሆኖ ሳለ ስፖርቱን ከበደን አሉ። የእኛ ፊደል ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። አሳንሰሽ፣ አወፍረሽ ካተምሽው በደከመ ፎቶ ኮፒ ላይ ሸ ከሰ፣ ጨ ከጠ አይለይም። ባለጉዳይ ቅጹን ይዞ ሦስት መስኮት የሚዞረው አንዳንዴ በዚህ ነው።

5. አክሲዮን ሊሸጡልሽ ወይም ቤት ሊያከራዩሽ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ሲመጡ፣ ስሙን፣ የብሩን መጠንና ቀኑን በእጅሽ ተራ ወረቀት ላይ ገልብጪና እሱን አንብቢ። ሳትከፍዪ ማለቴ ነው።