የግጦሽ መሬት ጤና በማን ዐይን ይለካ? ከቦረና የተወሰዱ ነጥቦች

የግጦሽ መሬት ዘላቂነት በሚጠናበት ሥራ ሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው የመለኪያው ጥያቄ ነው። ዛሬ ሰፊ ቦታን በአንድ ጊዜ ለመቃኘት በብዛት የሚያገለግለው ከሳተላይት ምስል የሚሰላው የዕፅዋት አረንጓዴነት መጠቆሚያ፣ በምሕጻሩ ኤንዲቪአይ የሚባለው ነው። ጤናማ ቅጠል ቀይ ብርሃንን ይውጣል፤ ኢንፍራሬድ ብርሃንን ግን ያንጸባርቃል። መጠቆሚያው የሁለቱን ልዩነት ለድምራቸው በማካፈል አንድ ቁጥር ያወጣል። ዘዴው ርካሽና ፈጣን ነው፤ መረጃውም ከዓመት ዓመት ሊነጻጸር ይችላል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ቢመርጡት አያስደንቅም። ሆኖም ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ቅጠል እንጂ ስለ መኖ አይደለም። ይህ ጽሑፍ ልዩነቱ በደቡብ ኢትዮጵያ በቦረና ምን ትርጉም እንዳለው ይመረምራል፤ ልኬቱ ከአርብቶ አደሩ ጋር በጋራ ካልተሠራም ስሕተቱ በወረቀት ላይ ብቻ እንደማይቀር ለማሳየት ይሞክራል።

የቦረና የከብት እርባታ የቆመው በሣር ላይ ነው። ሴንክረስ ሲሊያሪስ፣ ክሪሶፖጎን ኦሼሪና ቴሜዳ ትሪያንድራን የመሳሰሉ ለብዙ ዓመት የሚኖሩ ሣሮች ለቀንድ ከብት ተመራጭ መኖ ናቸው። እነዚህ ሣሮች በቁጥቋጦ እንዳይዋጡ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ እሳት ነበር። አርብቶ አደሩ በየጊዜው የሚለኩሰው እሳት የግራር ችግኞችን ያጠፋል፣ መዥገርን ይቀንሳል፣ የደረቀውን ሣር አስወግዶ አዲስ ቡቃያ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መንግሥት ቃጠሎን ከለከለ። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዐሥርት ዓመታት አካሲያ ድሬፓኖሎቢየም (በአፋን ኦሮሞ ፉሌሳ)፣ አካሲያ ሜሊፌራና ሌሎችም እሾሃማ ዛፎች ሣሩን እየገፉ ተስፋፉ። አያና አንጋሳና ጉፉ ኦባ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት የቦረና አርብቶ አደሮች ስለ ቃጠሎ ክልከላ፣ ስለ ግጦሽ ክልል አጥር፣ ስለ እርሻ መስፋፋትና ስለ ቁጥቋጦ ወረራ ያላቸውን አመለካከት መርምረዋል። በእኔ ግምት ክልከላው ብቻውን ሁሉንም አያስረዳም፤ ሣሩ በከብት ተግጦ ካለቀ እሳት ቢፈቀድ እንኳ የሚቀጣጠል ነገር አይኖርምና። የሰፈራና የእርሻ መስፋፋት የከብቱን መንቀሳቀሻ ባጠበበ ቁጥር ሁለቱ ችግሮች አንዱ ሌላውን ያባብሳሉ።

ቁጥቋጦው የወረረው መሬት ከሳተላይት ሲታይ ግን ደኅና ይመስላል። ሥሩ ጠልቆ ውኃ ስለሚያገኝ አጠገቡ ያለው ሣር ከደረቀ በኋላም ቅጠሉ ሊቆይ ይችላል። የዚህ ዓይነቱ መሳሳት ጎልቶ የሚታየው በአፋር ነው፤ በዚያ ፕሮሶፒስ የተባለው መጤ ዛፍ በበጋም አረንጓዴ እንደሆነ ይከርማል፣ ከሥሩ ግን ለከብት የሚሆን ሣር እምብዛም አይገኝም። በቦረናም አንድ ሰው የሳተላይቱን ቁጥር ብቻ ይዞ የዐሥር ዓመት ለውጥ ቢያሰላ፣ አርብቶ አደሩ ጠፋብኝ የሚለውን መሬት «ያገገመ» ብሎ ሊመዘግበው ይችላል።

አርብቶ አደሩስ በምን ይለካል? መሬቱን የሚያየው በከብቱ በኩል ነው። የወተቱ መጠን፣ የከብቱ ጠጉር፣ የፋንድያው ሁኔታ፣ ከውኃው እስከ ግጦሹ ያለው ርቀት ሁሉ ለእርሱ መለኪያ ናቸው። ልኬቱም ከአስተዳደሩ ጋር የተያያዘ ነው። የሚታለቡት ላሞች «ወራ» ተብለው ከመንደር አጠገብ ይቆያሉ፤ ደረቆቹና ወጣቶቹ «ፎራ» ተብለው ርቀው ይሄዳሉ። ሰፊው የግጦሽ ክልል «ዴዳ» ይባላል፤ ለጥጆች የሚከለለው «ካሎ» ነው። በጥልቅ የቱላ ጉድጓዶች የመጠጫውን ተራ የሚያስከብር ኃላፊ አለ፤ የማኅበረሰቡም ሕግ በየስምንት ዓመቱ በሚደረገው የጉሚ ጋዮ ጉባኤ ይታያል። አንድ ቦታ «ጥሩ ነው» ሲባል እንግዲህ ለየትኛው መንጋ፣ በየትኛው ወቅት፣ ከየትኛው ውኃ አንጻር የሚለው ጥያቄ አብሮ ይኖራል። በኳድራት ውስጥ ያለውን ሣር አጭዶ፣ አድርቆ የሚመዝን ባለሙያ ይህን ሁሉ በአንድ የኪሎ ግራም ቁጥር ጨፍልቆት ያልፋል።

ነገር ግን የአርብቶ አደሩን ዐይን አንድ ዐይን አድርጎ መውሰድም ያሳስታል። ብዙ የቦረና ቤተሰቦች በቅርብ ዐሥርት ዓመታት ግመልና ፍየል ማርባት ጀምረዋል። ለላም አርቢው ኪሳራ የሆነው ቁጥቋጦ ለግመሉ መኖ ነው። የቁጥቋጦ ምንጠራ በዘመቻ ሲታቀድ ግመል ያለውና የሌለው ቤተሰብ በአንድ ስብሰባ ላይ አንድ ነገር ይላሉ ብሎ መጠበቅ አይገባም። ተሳትፏዊ በሚባሉ ጥናቶች ላይ ይህ ልዩነት «የማኅበረሰቡ አስተያየት» በሚል ርእስ ስር ሲጠፋ አያለሁ።

የመለኪያው ምርጫ ገንዘብም ያስከትላል። እ.ኤ.አ. በ2012 በቦረና የተጀመረው በመጠቆሚያ ላይ የተመሠረተ የእንስሳት መድን ክፍያውን የሚወስነው በሳተላይቱ የአረንጓዴነት ቁጥር ነው። እያንዳንዱን የሞተ ከብት ማጣራት ስለማያስፈልግ ወጪው ይቀንሳል፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ዳሩ ግን ሣሩ ደርቆ ቁጥቋጦው ባልጠወለገበት አካባቢ ቁጥሩ ከክፍያው ወለል በላይ ሊቆም፣ ከብቱ የሞተበት ሰው ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ የከሸፉበት አካባቢ ላይ ይህ ተራ የስሌት ጉዳይ አይደለም።

በጋራ የመለካት ልምድ በሌላ አገርም አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው የዘላቂ የግጦሽ መሬቶች የምክክር መድረክ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን፣ ዩኒቨርሲቲዎችን፣ ከብት አርቢዎችንና የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበራትን አንድ ላይ አስቀምጦ በ5 መስፈርቶች ስር 64 አመልካቾችን ለየ። ከአፈር፣ ከውኃና ከዕፅዋት ጎን የኅብረተሰቡ ጥቅምና የሕግ ማዕቀፉም ገብተዋል። ዝርዝሩ ለቦረና ይበዛል፤ ሊወሰድ የሚገባው ምን እንደሚለካ ከመለካቱ በፊት መስማማታቸው ነው። በኢትዮጵያ ለዚህ የሚቀርበው አሳታፊ የግጦሽ መሬት አስተዳደር ነው። መመሪያው እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል፤ አሠራሩም ኋላ ወደ ኬንያና ታንዛኒያ ተሻግሯል። ጥናት፣ ድርድርና ትግበራ በሚባሉ ምዕራፎች አልፎ በማኅበረሰቡና በአካባቢው መስተዳድር መካከል በሚደረግ ስምምነት ይጸናል። ክትትሉ ግን ከድርድሩ ያነሰ ትኩረት እንዳያገኝ ያሰጋል፤ ፊርማ የፕሮጀክት ውጤት ሆኖ ሲቆጠር፣ የሣሩ መመለስ ዓመታት ይፈልጋልና።

ለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ጠባብ ነው። በአንድ ዴዳ ውስጥ በተመረጡ ቋሚ ቦታዎች ላይ ባለሙያው የሣሩንና የቁጥቋጦውን ሽፋን ለየብቻ ይመዝግብ፤ ላም የሚያረባውና ግመል የሚያረባው እረኛም በዚያው ቀን ለየመንጋቸው ደረጃ ይስጡ። ሥራው ከጋና (ከመጋቢት እስከ ግንቦት) እና ከሐጋያ (ከመስከረም እስከ ኅዳር) ዝናብ በኋላ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ይደገም። ሦስቱ መዝገቦች ሲለያዩ አማካይ ተወስዶ ልዩነቱ መሰረዝ የለበትም፤ የሳተላይቱ ቁጥር የት እንደሚያሳስት የሚያሳየው ያ ልዩነት ነውና። የመዝገቡ አንድ ቅጂ በወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ አንዱ ደግሞ በዴዳው ሽማግሌዎች እጅ ይቀመጥ፤ ስለ ምንጠራ፣ ስለ ቃጠሎ ወይም ስለ ካሎ አጥር ክርክር ሲነሣ በስብሰባው ላይ የሚገለጠውም እርሱ ይሁን።