የጎማ አገልጋዮች፦ የሚስተካከል ሳስፔንሽንን ለትራክ ቀን ስለማዘጋጀት

በአዘቦት ቀን ወደ ሥራ የሚነዱትን መኪና ቅዳሜ ወደ ዝግ የውድድር ሜዳ ወስዶ፣ ከማንም ጋር ሳይወዳደሩ በፍጥነት መንዳት በአሜሪካና በአውሮፓ የተለመደ ነው። «የትራክ ቀን» ይሉታል። በሜሪላንድና በቨርጂንያ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ለምሳሌ በዌስት ቨርጂንያ ያለው ሰሚት ፖይንት ቅርብ ነው፤ ዋናው ትራክ 2 ማይል ርዝመትና 10 መታጠፊያ አለው። በዚህ የተሳበ ሰው ብዙውን ጊዜ ቶሎ የሚገዛው ኮይልኦቨር ነው፤ ሞላውና አሞርዛተሩ አንድ ላይ ሆነው በክር ከፍ ዝቅ የሚሉበት፣ የአሞርዛተሩም ጥንካሬ ብዙ ጊዜ በቁልፍ የሚለወጥበት ዕቃ ማለት ነው። ዕቃውን መግጠም የአንድ ቀን ሥራ ነው። ማስተካከሉ ግን ሥርዓት አለው፤ ሥርዓቱን ያልያዘ ሰው ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ከፋብሪካው ሳስፔንሽን የባሰ መኪና ይነዳል። ስለዚህ በመጀመሪያ መሠረቱን፣ ቀጥሎ ቅደም ተከተሉን፣ በመጨረሻም በትራኩ ላይ የሚደረገውን እንማራለን።

አንደኛ፦ መሠረቱ

መኪናን ከመንገድ ጋር የሚያገናኙት አራት ጎማዎች ብቻ ናቸው። ሞላ፣ አሞርዛተርና የግራውን ጎማ ከቀኙ የሚያያይዘው ስታቢላይዘር ሁሉ የጎማ አገልጋዮች ናቸው። ማስተካከያ ጎማው የሌለውን ኃይል አይሰጠውም፤ ያለውን እንዳያባክን ይረዳዋል እንጂ።

ይህ እንዴት ነው ቢሉ፦ ጎማ ሸክም ሲጨመርበት መንገዱን የሚይዝበት ኃይል ይጨምራል፤ ነገር ግን በሸክሙ ልክ አይጨምርም። መኪናው ሲታጠፍ ክብደቱ ከውስጥ በኩል ካለው ጎማ ወደ ውጭኛው ይሻገራል። ውጭኛው የሚያተርፈው ውስጠኛው ከሚያጣው ያንሳል። ስለዚህ በአንድ አክስል ላይ ብዙ ክብደት በተሻገረ ቁጥር የሁለቱ ጎማዎች ድምር ኃይል ይቀንሳል።

የሚሻገረውን ክብደት ማስቀረት አንችልም። ጠቅላላ መጠኑን የሚወስኑት የመኪናው ክብደት፣ የስበት ማዕከሉ ከፍታ፣ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ስፋት፣ መኪናው የሚታጠፍበትም ኃይል ናቸው። ለእኛ የተተወልን ሁለት ነገር ነው፦ ከዚህ ሽግግር ፊተኛው አክስል ምን ያህሉን፣ ኋለኛው ምን ያህሉን ይቀበል የሚለውና በምን ያህል ፍጥነት ይድረስ የሚለው። «ምን ያህል» ለሚለው መልሱ ሞላና ስታቢላይዘር ነው። «በምን ያህል ፍጥነት» ለሚለው መልሱ አሞርዛተር ነው። ይህን ልዩነት አጥብቃችሁ ያዙ፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

ከዚህም የሚወጣ ሕግ አለ፦ ፊቱን ብታጠነክሩ ፊተኛው አክስል ብዙ ሽግግር ይቀበላል፣ ኃይሉም ይቀንሳል፤ መሪው ቢዞርም መኪናው ወደ ውጭ ይሄዳል፣ አንደርስቲር ይባላል። ኋላውን ብታጠነክሩ ኋላው ቀድሞ ይለቃል፣ ኦቨርስቲር ይባላል። ማጠንከር ሁልጊዜ ማሻሻል የሚመስለው ሰው ይህን ሕግ ቢያስተውል ከብዙ ወጪ ይድናል።

ሁለተኛ፦ ከማስተካከል በፊት

ምሳሌያችን ቶዮታ ጂአር86 ይሁን። የፊት ሳስፔንሽኑ ማክፈርሰን ስትረት፣ የኋላው ደብል ዊሽቦን የሚባለው ዓይነት ነው። ይህን መኪና፣ ወይም ማንኛውንም፣ ከመንካታችሁ በፊት የሚመረመር አለ። ቴስቲኒው እንዳይጫወት፣ ጎሚኒዎቹ እንዳይሰነጠቁ፣ ኩሽኔታው እንዳይጮህ፣ አሞርዛተሩ ዘይት እንዳያፈስ እዩ። ያረጀ ጎሚኒ ያለበትን መኪና ማስተካከል ከንቱ ድካም ነው፤ ዛሬ የለካችሁት ማዕዘን ፍሬን ስትይዙ ሌላ ይሆናልና። የፍሬን ሸራውና የፍሬን ዘይቱም ከሳስፔንሽኑ ይቀድማሉ። መኪናውንም በክሪክ ብቻ አንስታችሁ ከሥሩ አትግቡ፤ በጽኑ መቆሚያ ይደገፍ።

ሦስተኛ፦ ከፍታ

የመጀመሪያው ማስተካከያ ከፍታ ነው። ሌላው ሁሉ በእሱ ይለወጣልና። በሜትር ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለኩ፤ ከመሬት አትለኩ፣ የጎማው ነፋስ ልኬቱን ያበላሸዋል።

«መኪናው ዝቅ ባለ ቁጥር አይሻልምን?» የሚል ይኖራል። የስበት ማዕከሉ መውረዱ እውነት ይጠቅማል። ነገር ግን ማክፈርሰን ባለው መኪና ከመጠን በላይ ሲወርድ የታችኛው ክንድ ወደ ጎማው በኩል ሽቅብ ይዘምማል፣ መኪናው በመታጠፊያ የሚያጋድልበት ማዕከል ከስበት ማዕከሉ ይበልጥ ይወርዳል፤ ስለዚህ ዝቅ ያለው መኪና አብልጦ ሊያጋድል ይችላል። የአሞርዛተሩም ጉዞ ያልቅና ባምፕ ስቶፕ የሚባለው ማቆሚያ ላስቲክ ላይ ይቀመጣል። በዚያች ቅጽበት የሞላው ጥንካሬ በድንገት ብዙ እጥፍ የሆነ ያህል ነው፤ ጎማውም ያለ ማስጠንቀቂያ ይለቃል። ለመንገድ መኪና ከፋብሪካው ከፍታ 20 ወይም 25 ሚሊሜትር መውረድ ይበቃል።

ጉዞው ማለቁን የምታውቁበት ቀላል መንገድ አለ። በአሞርዛተሩ ዘንግ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ እሰሩ፣ ወደ ታች ገፍታችሁ ከአካሉ ጋር አጋጥሙት፣ ከዚያ ንዱ። መኪናው ሲጨመቅ ማሰሪያው ወደ ላይ ይገፋል፣ በደረሰበትም ይቆማል። ስትመለሱ ቦታውን ብታዩ ሳስፔንሽኑ ምን ያህል እንደተጨመቀ በዓይናችሁ ታነባላችሁ። ላስቲኩ ድረስ ከሄደ ወይ ከፍ ይበል፣ ወይ ሞላው ይጠንክር።

ሌላም ጥያቄ አለ፦ «የሞላውን መቀመጫ በክሩ ባጠብቀው ሞላው ይጠነክራልን?» አይጠነክርም። ጥንካሬው ወጥ የሆነ ሞላ በ40 ኒውተን 1 ሚሊሜትር የሚጨመቅ ከሆነ፣ አስቀድሞ ቢጠብቅም ባይጠብቅም ያው 40 ነው። የሚለወጠው ከፍታው ወይም ጉዞው የሚጀምርበት ቦታ ነው። የአሞርዛተሩ ቁመት በታችኛው ክር ለብቻው የሚስተካከል ከሆነ ከፍታውን በዚያ አስተካክሉ፣ የሞላውን መቀመጫ ተዉት።

አራተኛ፦ የአራቱ ማዕዘን ክብደት

አንድ እግሯ የረዘመ ጠረጴዛ በሁለት ተቃራኒ እግሮቿ ትቆማለች፣ ሁለቱ ስም ብቻ ይሆናሉ። መኪናም እንዲሁ ነው። አንዱ ሞላ ከሚገባው በላይ ከፍ ቢል፣ እሱና በሰያፍ ከእሱ ጋር የሚተያየው ጎማ ሸክሙን ይወስዳሉ። እንዲህ ያለ መኪና ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ጠባዩ አንድ አይሆንም።

አራት ሚዛን ያለው ጋራዥ ፈልጉ። ነጂው ወይም በክብደቱ ልክ ሸክም ወንበሩ ላይ ይሁን፣ ነዳጁ ግማሽ ይሁን፣ ስታቢላይዘሩ ከአንድ ወገን ይፈታ። እንበልና ሚዛኑ የፊት ግራ 385፣ የፊት ቀኝ 335፣ የኋላ ግራ 320፣ የኋላ ቀኝ 320 ኪሎ አለ። ድምሩ 1,360 ነው። የፊት ቀኝና የኋላ ግራ ሲደመሩ 655 ይሆናል፣ ከጠቅላላው 48.2 በመቶ። ግባችን 50 ነው። ስለዚህ እነዚህን ሁለቱን በክሩ ጥቂት ከፍ፣ ሌሎቹን ሁለቱን ጥቂት ዝቅ እናደርጋለን። ሲስተካከል 372.5፣ 347.5፣ 332.5 እና 307.5 ይሆናል። አስተውሉ፦ የፊቱ ድምር ያው 720፣ የግራውም ድምር ያው 705 ነው። ክር በማዞር ክብደትን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከግራም ወደ ቀኝ መውሰድ አይቻልም፤ የሚለወጠው ሰያፉ ብቻ ነው።

አምስተኛ፦ የጎማ ማዕዘን

ካምበር ጎማው ከፊት ሲታይ ያለው ዘመም ነው። አናቱ ወደ መኪናው ሲያጋድል ኔጌቲቭ ይባላል። መኪናው በመታጠፊያ ሲያጋድል ውጭኛው ጎማ በትከሻው መቆም ይጀምራል፤ ኔጌቲቭ ካምበር ያን አስቀድሞ ያካክሳል። ማክፈርሰን ቀላልና ቦታ ቆጣቢ ስለሆነ ተወዷል፤ ሲጨመቅ ግን ካምበር የሚያገኘው ትንሽ ነው። የጂአር86 የፊት ካምበር ደግሞ ከፋብሪካው ዜሮ አካባቢ ነው። ለዚህ ነው በትራክ ላይ የዚህ መኪና የፊት ጎማ ውጭኛ ትከሻ ቶሎ የሚላጨው። ለትራክ ቀን ከኔጌቲቭ 2.5 እስከ 3 ዲግሪ፣ ለዕለት መንገድም ለትራክም አንድ መሐለኛ ልኬት ለሚፈልግ 2 አካባቢ መልካም መነሻ ነው።

ቶ የሚባለው ጎማዎቹ ከላይ ሲታዩ ፊታቸው የሚያይበት አቅጣጫ ነው። ከፊት ዜሮ፣ ከኋላ ጥቂት ወደ ውስጥ ይሁን። የኋላው ለምን ቢሉ፦ እንደ ሰሚት ፖይንት መጨረሻ መታጠፊያ ባለ፣ በፍጥነት ታጥፈው ነዳጅ እየሰጡ ወደ ረጅሙ ቀጥታ በሚወጡበት ቦታ ኋላው እንዲረጋ ነው። ካምበር ሲነካ ቶ ይለወጣልና ቶ ሁልጊዜ መጨረሻ ይለካ። በመንገድ ላይ ጎማን ፈጥኖ የሚበላው ከካምበር ይልቅ የተበላሸ ቶ መሆኑንም አትርሱ።

ስድስተኛ፦ አሞርዛተር

አሞርዛተር ሁለት ሥራ አለው። ሳስፔንሽኑ ሲጨመቅ የሚቃወመው ኮምፕሬሽን፣ ሲዘረጋ የሚቃወመው ሪባውንድ ይባላል። ለመንገድ መኪና በሚሸጡት ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ቁልፍ ብቻ ይኖራል፤ በአንዳንዱ ሪባውንድን ብቻ፣ በአንዳንዱ ሁለቱንም አብሮ ይለውጣል። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ከመመሪያው እወቁ።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። ቁልፉን በሁለት ጣት ይዛችሁ እስኪቆም በዝግታ ዝጉት፤ በብዙዎቹ በሰዓት አቅጣጫ ነው። ሲቆም አታስገድዱት፣ ውስጡ ያለው መርፌ ይጎዳል። ያ ዜሮ ነው። ከዚያ እየከፈታችሁ ጠቅ ባለ ቁጥር ቁጠሩ። የግራና የቀኙ አንድ ይሁን፣ ከአምራቹ የመነሻ ቁጥርም ጀምሩ።

ሪባውንድ ሲያንስ መኪናው ከጉብታ በኋላ እየዋለለ ይቀራል። ሲበዛ ደግሞ ጎማው ከጉብታው ማዶ ወደ አስፋልቱ ለመመለስ ይዘገያል፤ ጉብታዎች ከተከታተሉም ሳስፔንሽኑ ሳይዘረጋ እንደገና ይጨመቃል፣ መኪናው እየወረደ ላስቲኩ ላይ ይቀመጣል። የሪባውንድ መብዛት መኪናውን ቆፍጣና ስለሚያስመስለው ብዙዎችን ያታልላል።

ሰባተኛ፦ በትራኩ ላይ

የመጀመሪያው ንባብ የጎማ ነፋስ ነው። ጧት በብርዱ 28 ፒኤስአይ የነበረው ከጥቂት ፈጣን ዙር በኋላ 34 ወይም 35 ሊደርስ ይችላል። ከዙሩ እንደተመለሳችሁ ለኩ፣ የሞቀውን ልክ መዝግቡ፣ ትርፉን አስተንፍሱ። ከዚያ መርፌ ባለው ሙቀት መለኪያ ጎማውን ከውስጥ፣ ከመሐልና ከውጭ ለኩ። መሐሉ ከሁለቱ ዳር ከበለጠ ነፋሱ በዝቷል። ሁለቱ ዳር ከመሐሉ ከበለጡ አንሷል። ውጭኛው ከውስጠኛው ከበለጠ ካምበር ይጨመር፤ ውስጠኛው በጥቂት ዲግሪ ቢበልጥ ግን ተገቢ ነው። ወደ ቤት ከመመለሳችሁ በፊት ነፋሱን ወደ መንገድ ልኬቱ መልሱ።

ሁለተኛው ንባብ የመኪናው ጠባይ ነው። «አንደርስቲር አለ» ማለት አይበቃም፤ የት ነው? ሲገባ፣ መሐል ላይ ወይስ ሲወጣ? መሐል ላይ መኪናው ጋድሎ ሲረጋ የሚታየው ችግር ሽግግሩ ካለቀ በኋላ ያለ ነውና መልሱ በሞላ፣ በስታቢላይዘር፣ በካምበርና በነፋስ ነው። ሲገባና ሲወጣ የሚታየው ሽግግሩ ገና በመካሄድ ላይ ሳለ ነውና መልሱ በአሞርዛተር ይፈለጋል፤ የጠነከረው ጫፍ ሸክሙን ቀድሞ ይቀበላል። ስለዚህ ሲገባ ፊቱ ከለቀቀ ፊቱን ሁለት ጠቅታ አለስልሱ። ሲወጣ ኋላው ከለቀቀ የኋላውን አለስልሱ።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ነጂው ይመርመር። የሰሚት ፖይንት መታጠፊያ 1 ከረጅሙ ቀጥታ ቀጥሎ በከባድ ፍሬን የሚገቡበት ቀኝ መታጠፊያ ነው። እዚያ ፍሬኑን በአንድ ጊዜ የለቀቀ ነጂ ከፊት ጎማዎቹ ሸክሙን ራሱ ያነሣል፣ መኪናውም አልታጠፍ ይለዋል። ፍሬኑን ቀስ እያለ እየለቀቀ ሲገባ ችግሩ ከጠፋ ቁልፉን መንካት አያስፈልግም።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ሁለት ነገር ቀይሮ የተሻለለት ሰው የትኛው እንደረዳው አያውቅም፤ አንዱ ረድቶ ሌላው ጎድቶም ሊሆን ይችላል። ቀኑን፣ የአየሩን ሙቀት፣ የጠቅታውን ቁጥር፣ ነፋሱንና የዙሩን ሰዓት ጻፉ። የጠፋበት ሰው ወደ ተጻፈው መነሻ ይመለስና አንድ ዙር ይንዳ፤ ልዩነቱ ከመኪናው ይሁን ከሞቀው አስፋልት በዚያ ይለያል።

በመጨረሻም፣ ሁለት ማስተካከያዎች እኩል ሰዓት ከሰጧችሁ ለስላሳውን ምረጡ። ለስላሳው ጎማውን በሻካራ አስፋልት ላይ ያረጋዋል፣ ዝናብ ቢመጣ ስሕተትን ይታገሣል፣ ጎማው ሊለቅ ሲልም ቀድሞ ያሳውቃል። ደግሞም መኪናው የትራክ ብቻ አይደለም፤ ሰኞ ጧት ልጆች ይዞ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄደው ያው መኪና ነው፣ ለእነሱም ጎማው መንገዱን ሊይዝ ይገባዋል።