ሰፊና ጥምዝ ሞኒተር ልገዛ ነው

ጥያቄ፦ ቀን ሒሳብ እሠራበታለሁ፣ ማታ ጌም እጫወትበታለሁ። ኪስ የማይጎዳ ባለ 34 ኢንች ሞኒተር ስመርጥ ምኑን ልይ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት የፒክስሉን ቁጥር ይዩ። 2560 በ1080 የሆነው ረከስ ቢልም አይግዙት። በአንድ ኢንች 82 ፒክስል ገደማ ብቻ ስለሚደርሰው ጽሑፉ ይሻክራል፤ በኤክሴል ደቃቅ ፊደል «ቁ»ን ከ«ቂ» ለመለየት ዓይንዎን ያጠባሉ። 3440 በ1440 የሆነው 110 ገደማ ይደርሳል፤ ልዩነቱን ዓይን ወዲያው ያውቀዋል። ገንዘብዎን እዚህ ላይ ያውሉት።

ጥምዝነቱ 1500 አር ቢሆን ይበቃል። ርካሾቹ አብዛኛውን ጊዜ ቪኤ ፓነል ናቸው፤ ጥቁሩ ጥልቅ ነው፣ በጨለማ ትዕይንት ግን ፈጣን እንቅስቃሴ ጥላ ሊጎትት ይችላል። ገመዱን በዲስፕሌይፖርት ይሰኩ፤ ኤችዲኤምአይ 2.0 በ3440 በ1440 ጥራት ከ100 ኸርዝ ብዙም አያልፍም። የሚጫወቱት በፕሌይስቴሽን 5 ከሆነ ግን ሰፊ ሞኒተሩን ይተዉት፤ የስክሪኑ ግራና ቀኝ ጥቁር ሆኖ ይቀራል።